ካርዱ ተከፍሎ አልቋል፤ ታዲያ ለምን ክፍት ይቀራል?

ባለፈው ዓርብ ከኮርኒሹ ወደ ጀኑቢያ ስንመለስ አንዲት እህታችን ስልኳን አውጥታ በዓረብኛ የመጣላትን መልእክት እንድናነብላት ጠየቀችን። 115 ሪያል ክፈዪ ይላል። ክው አለች። ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ ትልቅ ሱቅ፣ ሱቁ ራሱ በሚሰጠው የዱቤ ካርድ፣ ስልክ ገዝታ ነበር። በየወሩ 180 ሪያል እየከፈለች በአሥር ወሯ ጨረሰች። ካርዱንም በመቀስ ቆርጣ ጣለችው። «ጨርሻለሁ እኮ! ሌቦች ናቸው እንዴ?» አለች።

ሌብነት አልነበረም። ስናጣራው 100 ሪያሉ የካርዱ የዓመት ክፍያ ነው፤ 15ቱ በላዩ ላይ የሚጨመረው ቫት። ዕዳዋን ከፍላለች፣ ካርዱን ግን አልዘጋችውም። መቀስ ፕላስቲክ ይቆርጣል እንጂ ውል አይቆርጥም። ሱቁም ከደሙ ንጹሕ ነው አንልም፤ ስትፈርም የዓመት ክፍያ እንዳለው በሚገባት ቋንቋ የነገራት ሰው አልነበረም።

ያስጨነቀን ግን 115 ሪያሉ አይደለም። ኮንትራቷ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል። ማዳሟ ኹሩጅ ኒሃኢ ልታወጣላት ተስማምታለች። ያን ዕለት አብረውን ከነበሩት አንዳንዶቻችሁ የሰጣችኋት ምክር «ሲሙን ወርውሪና ሂጂ፤ አገርሽ ድረስ መጥተው አይጠይቁሽ» የሚል ነበር። ይህን የምንጽፈው በዚያ ምክር ስለማንስማማ ነው።

ከጥቂት ዓመት በፊት ይህ የእኛ ጉዳይ አልነበረም። ደመወዛችን በእጃችን ይሰጠን ነበር (ሲሰጠን ማለት ነው)፤ የባንክ ሒሳብ የነበራት ጥቂት ናት። ከጁላይ 2024 ጀምሮ ግን በሙሳነድ በኩል የቤት ሠራተኛ ደመወዝ በባንክ ወይም በዲጂታል ዋሌት እንዲገባ ተደረገ። መጀመሪያ አዲስ ኮንትራት ላላቸው፣ ቀጥሎ ብዙ ሠራተኛ ላለባቸው ቤቶች፣ ከጃንዋሪ 2026 ወዲህ ደግሞ ለሁሉም። ትልቅ ነገር ነው፤ «ሰጥቻታለሁ፣ አልሰጠችኝም» የሚለውን ክርክር የሚዳኝ ወረቀት አገኘን። ግን ሒሳብ ያላትን ሴት ሻጩም ያያታል። ዛሬ ኢቃማና ስልክ ቁጥር ላላት ታቢና ታማራ «በአራት ጊዜ ክፈዪ» ይሏታል፤ ትልልቅ ሱቆች ካርድ ይዘው ይቀርቧታል። ዱቤ ነውር አይደለም። በዱቤ ስልክ ገዝታ ከልጇ ጋር በየማታው የምታወራ እናት ምን አጠፋች? ጥያቄው ከፍላ ከጨረሰች በኋላ ያለው ነው።

ልዝጋው ወይስ ይቀመጥ ለምትሉ፣ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን «አትዝጊው፣ ስኮርሽ ይወርዳል» ይላሉ። ለእነሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ቤትም መኪናም በዚያ ነጥብ ነው የሚገዛው፤ ሳይዘጋ የቆየ ካርድ ነጥቡን ያግዛል። እዚህም የብድር ታሪክ የሚመዘግብ ሲማህ የሚባል ድርጅት አለ። እኛ ግን እዚህ በብድር ቤት አንገዛም። የምንኖረው በኮንትራት ነው፤ ኮንትራቱ ሲያልቅ ወይ እናድሳለን ወይ እንሄዳለን። አሜሪካ ላለች እህት የሚጠቅማት ምክር ኹበር ላለችው ላይጠቅም ይችላል።

ሁለተኛው መከራከሪያ «ለክፉ ቀን ይቀመጥ» የሚለው ነው። ይህን የሚሉትን እንረዳቸዋለን፤ ክፉ ቀን ያላየች ማን አለች? ነገር ግን ያ ካርድ ምን እንደሚሰጥ እንይ። ማቀዝቀዣ ይሰጣል፣ ቴሌቪዥን ይሰጣል። እናትሽ ሆስፒታል ስትገባ ደሴ ገንዘብ አይልክልሽም። ለዚያ ቀን የደረሰልን ዕቁባችን ነው።

ሦስተኛው ነገር በስብሰባ የማይነሳ ነው፤ እኛ ግን ከሁሉም በላይ እሱ ያሳስበናል። ክፍት ካርድ ያላት ሴት ወሬዋ ይሰማል። «ያንቺ ካርድ ባዶ ነው አይደል? በስምሽ አንድ ስልክ ብቻ አውጪልኝ፤ በየወሩ እሰጥሻለሁ» የምትል ትመጣለች። ጓደኛ ናት፣ ያገር ልጅ ናት፣ ስትታመሚ ሾርባ ይዛ የመጣች ናት። እምቢ ማለት ያንቃል። ሁለት ወር ትከፍላለች፤ በሦስተኛው ከቤቱ ትወጣና ሪያድ ወይ ጂዳ ገባች ይባላል። ዕዳው ግን በአንቺ ኢቃማ ነው የተጻፈው። እዚሁ ማኅበራችን ውስጥ በዚህ ምክንያት የማይነጋገሩ አሉ፤ ስማቸውን አናነሳም። ካርዱን የዘጋች ሴት እምቢ ማለት አይጠበቅባትም። «ዘግቼዋለሁ» ትላለች፣ በቃ። ይሉኝታ ለሚያሸንፈን ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ግልጽ ነው፦ የዓመት ክፍያ ያለው ካርድ ከሆነ ዝጊው። በሚቀጥለው አንድ ዓመት ውስጥ አገር የምትገቢ ከሆነ፣ ክፍያ ባይኖረውም ዝጊው። ዓመታዊ ክፍያ የሌለው ሆኖ ኮንትራትሽን ገና ያደስሽና ራስሽ ብቻ የምትጠቀሚበት ከሆነ ግን አንከራከርሽም።

አዘጋጉ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ቅደም ተከተሉን ነው። ሲሙ ይጣላል፣ ከዚያ ባንኩ ይታሰባል። መሆን ያለበት ተገላቢጦሽ ነው። ለመዝጋት የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በስልክሽ ነው፤ ናፋዝ የሚከፈተውም ባንቺ ስልክ ነው። ኢቃማሽ ከተሰረዘ በኋላ ይህ ሁሉ በር ይዘጋል። የጣልሽው ቁጥር ደግሞ ቆይቶ ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ መልእክትሽ ለማታውቂው ሰው ይሄዳል። ስለዚህ ሲሙ የመጨረሻው ነው።

መጀመሪያ ቀሪው በእውነት ዜሮ መሆኑን አጣሪ። የመጨረሻውን ወር ከፍለሽ ሳለ ሁለት ሦስት ሪያል ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል፤ እሱ ነው በኋላ የሚያድገው። አንዳንዴ ደግሞ አንቺ ትርፍ ከፍለሽ ይሆናል፤ ያ የአንቺ ገንዘብ ነው፣ አስመልሺው። ከካርዱ ላይ በራሱ የሚቆረጥ ነገር ካለ፣ የኢንተርኔት ጥቅል ይሁን ሌላ፣ አንሺው። ከዚያ በመተግበሪያው ወይም በስልክ ወይም በአካል ሄደሽ እንዲዘጋ ጠይቂ። ቃሉ ከጠፋብሽ፦ «አቢ አሰክር አል ቢጣቃ ኒሃኢ፣ ወ አቢ ኢኽላእ ጠረፍ» በዪ። ካርዱን ጨርሼ መዝጋት እፈልጋለሁ፣ ክሊራንስም እፈልጋለሁ ማለት ነው። የጥያቄሽን ቁጥር ሳትቀበዪ አትውጪ።

ዋናው ክሊራንሱ ነው። «ኻላስ፣ ተዘግቷል» የሚለውን የሠራተኛውን ቃል ይዘሽ አትመለሺ። ስምሽ፣ የኢቃማ ቁጥርሽና ዕዳ እንደሌለብሽ የተጻፈበት ወረቀት ይሁን። በዱቤ ስትገዢ በስልክሽ «ሰነድ ሊአምር» አጽድቀሽ ከነበረ፣ ማለትም በናፊዝ በኩል የሚፈረመውን የክፍያ ሰነድ፣ እሱም እንደተዘጋ ጠይቂ። ይህ ሰነድ በባለዕዳ ላይ ወደ ማስፈጸሚያ ፍርድ ቤት በቀጥታ የሚወሰድ ነው። ነገሩ እዚያ ከደረሰ የጉዞ እገዳ ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ኤርፖርት ላይ ሻንጣ ይዞ መቆም አለ። ገንዘቡ ተከፍሎ ሰነዱ ክፍት ሆኖ መቅረት የለበትም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግሞ የሲማህን መዝገብ ተመልክተሽ ካርዱ ዝግ ተብሎ መጻፉን እዪ።

በታቢና በታማራ የገዛሽ ነገሩ ቀለል ይላል፤ እያንዳንዱ ግዢ ለብቻው ጀምሮ ለብቻው ያልቃል። ሆኖም መተግበሪያውን ከስልክ ላይ ማጥፋት አካውንት መዝጋት አይደለም።

አንዘጋም ካሉሽ ወይም ዛሬ ነገ እያሉ ካመላለሱሽ፣ መጀመሪያ አቤቱታሽን ለራሱ ለድርጅቱ አስመዝግቢ። መልስ ካጣሽ ማዕከላዊ ባንኩ ሳማ «ሳማ ቲህተም» የሚባል የአቤቱታ መቀበያ አለው፤ ስልኩ 8001256666 ነው። የቤት ሠራተኛ ነኝና አይሰሙኝም ብለሽ አትተዪው፤ ሒሳቡ በስምሽ ነው።

«ሲሙን ወርውሪ» ለሚሉት አንድ ነገር እንጨምር። እኛ በድንገት የምንሄድ ሰዎች ነን። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከዚህ አገር ሲወጡ ሻንጣቸውን እንኳ በወጉ ያልዘጉ ነበሩ። ኹሩጅ ኒሃኢ በሰላም ሲመጣም ከታተመበት ቀን ጀምሮ ያለሽ 60 ቀን ነው፤ ብዙ ጊዜ አሠሪዎች ቲኬቱን በሳምንት ውስጥ ይቆርጡታል። ክሊራንስ ደግሞ በአንድ ቀን ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ ኮንትራትሽ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው ጀምሪ እንጂ ቲኬቱ ሲመጣ አይደለም።

እህታችን 115 ሪያሉን ከፍላለች፤ ቅሬታዋንም አብራ አስመዝግባለች። የመዝጊያ ጥያቄዋን ማክሰኞ አስገብታ ቁጥሩን ተቀብላለች። ወረቀቱን ስታገኝ አንዱን ፎቶ ለእኛ፣ አንዱን አገር ቤት ላለችው እህቷ እንድትልክ ተነጋግረናል። የሌሎቻችሁም ካለ በሚመጣው ዓርብ ከዐሥር በኋላ ስልካችሁንና ውላችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ዓረብኛውን የምታነብልን ልጅ ትኖራለች።