የወረዳ ቡድን ለምን ዕድሜ ያጥረዋል?

ወረዳ አቀፉ የእግር ኳስ ውድድር ሲጠናቀቅ ማሊያው ተሰብስቦ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ፣ ወደ ስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ዕቃ ቤት ይመለሳል። ዋንጫው ቢሮ ውስጥ ይቀመጣል። ልጆቹ ይበተናሉ፤ አንዱ ዩኒቨርሲቲ ይመደባል፣ አንዱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ይወርዳል፣ ሌላው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የቀን ሥራ ይገባል። በዓመቱ ውድድሩ ሲጠራ ሌሎች ልጆች ተሰባስበው ሁሉን ነገር ከዜሮ ይጀምራሉ። በደቡብ ጎንደር ወረዳዎች፣ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ኳስ የሚወድ ሕዝብና ኳስ የሚችል ልጅ ሞልቶ ሳለ ዕድሜ ያለው ክለብ ማየት የሚቸግረው በዚህ ምክንያት ነው። ቡድኑ የሚኖረው በበጀት ዓመት ነው፤ ሰኔ 30 ሲደርስ እሱም አብሮ ይዘጋል።

የፍላጎት ችግር የለም። ሜዳው ብዙ ጊዜ የትምህርት ቤት ግቢ ወይም ከገበያው ዳር ያለ ግጦሽ ነው። የግቡ ቋሚዎች የባሕር ዛፍ ግንዶች ናቸው፤ አግዳሚው ከመሐል ጎብጦ አጭሩ በረኛ እንኳ ዘሎ ይነካዋል። መረብ ስለሌለ ኳሷ በአግዳሚው ሥር ነው በላይ ያለፈችው የሚለው ክርክር ጨዋታውን ያቆመዋል፤ ዳኛው መሐል ገብቶ፣ ሽማግሌ ገላግሎ እንደገና ይጀመራል። መስመሩ በኖራ ወይም በአመድ ይሰመራል፣ ዝናብ ከመታው በእረፍት ሰዓት ሌላ አመድ ይመጣል። የላይ ጋይንቷ ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከስማዳ ቆላ የመጣ ልጅ እዚያ ሲሮጥ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የጋይንት ደገኛ ደግሞ ወደ በሽሎ ወንዝ በኩል ወርዶ ሲጫወት ሙቀቱ ጉልበቱን ይነሣዋል። ጎጥ ከጎጥ ተቧድኖ የገና ጨዋታ የሚጫወት ሕዝብ ለእንዲህ ዓይነቱ ፉክክር እንግዳ አይደለም።

የጎደለው ሌላ ነው፤ አባልና መዝገብ።

ለመዝገቡ ምሳሌ እንይ፤ እንግሊዝ አገር ሼፊልድ በሚባል ከተማ ስሙም የከተማዋ የሆነ አንድ ትንሽ ክለብ አለ። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1857 ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ፊፋ በዓለም የመጀመሪያው የእግር ኳስ ክለብ ብሎ ያውቀዋል፤ በ2004 እ.ኤ.አ. የክብር ሽልማት ሲሰጠው ይህን ሽልማት ያገኘው ሌላው ክለብ ሪያል ማድሪድ ብቻ ነበር። ሼፊልድ ግን የሚጫወተው ከፕሪሚየር ሊጉ ብዙ እርከን ዝቅ ብሎ ነው። ትልቅ ስታዲየም የለውም፣ በዋንጫም አይታወቅም። የነበረው የቃለ ጉባኤ ደብተር ነው። መሥራቾቹ ናትናኤል ክሬስዊክና ዊልያም ፕረስት ከመጀመሪያው ጀምሮ የጨዋታውን ደንብና የስብሰባውን ውሎ በእጃቸው ይጽፉ ነበር። ክለቡ ያንን ጽሑፍ ከ150 ዓመት በላይ ጠብቆ አቆየውና በ2011 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በጨረታ ሲያቀርበው 881,250 ፓውንድ አወጣለት።

ሁለተኛ ምሳሌ ከሊቨርፑል አጠገብ ያለው ማሪን የተባለው ክለብ ነው። በአገሪቱ ሊጎች ስምንተኛ እርከን ላይ ሳለ፣ በጥር 2013 ዓ.ም. በእንግሊዝ ኤፍ ኤ ካፕ ቶተንሃም ደረሰው። ወቅቱ የኮሮና ስለነበር ሜዳው ተመልካች አያስገባም። ክለቡ ማንም ገብቶ የማያይበትን ትኬት በ10 ፓውንድ አቀረበ፤ ከ30 ሺህ በላይ ተሸጠ። በሜዳው 5 ለ 0 ተሸነፈ፤ ገንዘቡ ግን ክለቡን ከክፉ ቀን አወጣው። ትኬቱ ክለቡን መደገፊያ ነበር።

በእኛም አገር ተመሳሳይ ትምህርት አለ። ከጋይንት ብዙ በማይርቀው ጎንደር በ2008 ዓ.ም. አንድ ክለብ ወረደ፣ አንድ ክለብ አደገ። የወረደው ዳሸን ቢራ ነበር፤ ፋብሪካው ከኋላው ነበረ፣ ደመወዝ ይከፍል ነበር። ከወረደ በኋላ ግን ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ያደገው ፋሲል ከነማ በ1960 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ በዝቅተኛ ውድድሮች ረጅም ዘመን የቆየ ቡድን ነው። የከተማው ሰው በሀብቱም በድህነቱም ጊዜ የራሴ ብሎ ይዞት ነበርና ካደገ በአምስተኛው ዓመት፣ በ2013 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። ከተማዋ አንድ ናት፣ ሕዝቡም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ክለቡ የማን ነው በሚለው ላይ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወንዶች ቡድንም በ2009 ዓ.ም. ወርዶ ፈርሷል፤ ባንኩ መልሶ ሲያቋቁመው ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ዋንጫ አነሣ። የሚያፈርሰውም የሚያቋቁመውም የአንድ መሥሪያ ቤት ውሳኔ ከሆነ ደጋፊው ምን ቢወድ በእጁ ያለ ነገር የለም።

ከንፋስ መውጫ በጋሸና በኩል የሚሄደው መንገድ የሚያልቅበት ወልድያም ሌላው ማስረጃ ነው። በጥር 2009 ዓ.ም. ከ25 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ፣ በመላ አገሪቱ ካማሩት አንዱ የሆነ ስታዲየም ተመረቀላት። የከተማዋ ክለብ በቀጣዩ የውድድር ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። የወረዳ አስተዳደሮች ስለ ስፖርት ሲያወሩ አስቀድመው የሚያነሡት የስታዲየም ግንባታን ነው። ሜዳ ያስፈልጋል፤ ወልድያ የሚያሳየው ግን ሜዳ ብቻውን ክለብ እንደማያቆም ነው። በአንጻሩ የአዲስ አበባውን ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. የመሠረቱት የአራዳ ወጣቶች ሲጀምሩ ስታዲየም አልነበራቸውም፤ ክለቡ ከዚያ በኋላ የጣሊያንን ወረራና ሦስት መንግሥታትን አይቷል።

ወደ መዝገቡ ስንመለስ፣ ጋይንትና እስቴ የሰው ስም በተርታ መያዝ አይከብዳቸውም። ጋይንት ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ድጓውን ዘልቆ የሚመሰክርባት። እዚያ መምህሩ ከማን እንደተማረ፣ የእሱ መምህር በማን ወንበር እንደተተካ በተርታ ይቆጠራል። በዚያው አገር የዛሬ 20 ዓመት ወረዳውን ወክለው ደብረ ታቦር የተጫወቱት 11 ልጆች እነማን ነበሩ ቢባል መልሱ ያለው በሁለት ሦስት ሰው ትዝታ ላይ ነው።

አባልነትም አዲስ ነገር አይደለም። እድር ያለው ሰው ክለብ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ወርኃዊ መዋጮ፣ የቀረ የሚቀጣበት ደንብ፣ ስሙ በየተራ የሚጠራበት መዝገብ። ይኸው አሠራር ለኳስ ቢውል የሚከለክል ሕግ የለም። በእስቴ መካነ ኢየሱስ ወይም በስማዳ ወገዳ 300 ሰው በወር 20 ብር ቢያዋጣ በዓመት 72 ሺህ ብር ይሆናል። ፕሪሚየር ሊግ አያስገባም፤ ኳስ፣ መረብ፣ ለዳኛ አበልና እስከ ዞን ለመሄድ የመኪና ኪራይ ግን ይሆናል። ከሁሉ በላይ ቡድኑ ሰኔ 30ን ይሻገራል።

ሰዎች እዚህ ላይ ጦርነቱን ያነሣሉ፤ ማንሣታቸውም ተገቢ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ንፋስ መውጫ በሰሜኑ ጦርነት ስትያዝ የደረሰው ግፍና ዝርፊያ ገና ያልሻረ ቁስል ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ወጣቶች ተሰብስበው በሰላም የሚጫወቱበትን ቀን አሳንሷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ኳስ መዝገብ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። ሆኖም መዝገብ ሁሉ በአንድ ቢሮ ሲቀመጥና ያ ቢሮ ሲዘረፍ ወይም ሲቃጠል ምን እንደሚጠፋ ከዚህ አገር ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። በአምስት አባላት ቤት ተገልብጦ የተቀመጠ ደብተር አንዱ ቢጠፋ አራቱ ይተርፋሉ።

የወረዳዎቹ ወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ከዚህ ዓመት ጀምሮ ቢያደርጉት የሚጠቅመው ቡድን ማቋቋሙን ለነዋሪው ትተው መመዝገቡንና ማወዳደሩን መያዝ ነው። ማሊያውም ዋንጫውም ለክለቡ አባላት በፊርማ ይሰጥ። የሴቶች ቡድን ከመጀመሪያው በደንቡ ይግባ፤ በኋላ እንጨምራለን የተባለ ነገር በዚህ አገር ሲጨመር ብዙም አይታይም። የትምህርት ቤት መምህራን ደግሞ ተማሪዎቻቸውን ደብተርና እስክሪብቶ አስይዘው በደርግ ዘመን በየቀበሌው ቡድን ወደተጫወቱት ሰዎች ይላኩ። ከእነዚያ ብዙዎቹ ዛሬ ከ60 ዓመት በላይ ናቸው፤ በረኛው ማን እንደነበር፣ ማሊያው ምን ቀለም እንደነበረው፣ እስቴ ድረስ በእግር ሄደው ስንት ለስንት እንደወጡ የሚነግሩት አሁን ነው።