አረንጓዴው ምልክት የሚሸፍነው
የሶፍትዌር ቡድኖች ስለ ፓይፕላይናቸው ጤንነት ሲጠየቁ የፕሮጀክቱን ገጽ ከፍተው አረንጓዴውን ምልክት ማሳየታቸው አይበቃም፤ ጥያቄውን በቀጥታ ለሚጠቀሙበት መድረክ ኤፒአይ ማቅረብ አለባቸው እላለሁ። ጊትላብን እንውሰድ። አንድ የቴስት ጆብ ወድቆ፣ ሰው እንደገና ሲያስነሳውና ሲያልፍ፣ ፓይፕላይኑ በመጨረሻ እንደተሳካ ይመዘገባል፤ የጆቦቹን ዝርዝር በኤፒአይ ብንጠይቅ እንኳ የተደገሙት ሙከራዎች ይካተቱ ብለን ካልጻፍን አይመጡም። አንዴ የሚያልፍ አንዴ የሚወድቅ ቴስት፣ ያ የገንቢዎችን ሰዓት የሚበላው፣ እንዲሁ ከዓይን ይሰወራል። የተደገሙትን ጨምረን ስንጠይቅ ግን የትኛው ጆብ ስንት ጊዜ እንደወደቀ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ገጹ ላይ ግራፍ አለ፣ ምን አደከመን?» የሚሉ አሉ። ግራፉ የሚመልሰው ሌላ ሰው አስቀድሞ የመረጠውን ጥያቄ ነው። ይበልጥ የሚከብደው ተቃውሞ ጎዶሎ መልስ ጭራሽ መልስ ከማጣት የባሰ ያሳስታል የሚለው ነው፤ እውነትም አለው። ጊትላብ ካልተነገረው በቀር በአንድ ገጽ 20 ውጤት ብቻ ይመልሳል፣ ቢጠየቅም ከ100 አያልፍም፤ ቀጣዮቹን ገጾች ሳይከተል አማካይ የሚያወጣ ስክሪፕት የወሩን ታሪክ ትቶ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሩጫዎች ብቻ ይነግረናል። ይህ በጥንቃቄ ለመጠየቅ እንጂ መጠየቅን ለመተው ምክንያት አይሆንም። ኤፒአዩን ለመጠየቅ የምንጠቀምበት የመግቢያ ቁልፍ፣ ማለትም ቶክን፣ በሌላ እጅ ይገባል የሚለው ስጋትም ቢሆን መላ አለው፦ ለማንበብ ብቻ የተፈቀደና የሚያበቃበት ቀን የተቆረጠለት ቶክን መስጠት ይቻላል፤ ሙሉ ፈቃድ ያለውን ቶክን ስክሪፕት ውስጥ ጽፎ ማስቀመጥ ግን ፈጽሞ አይገባም።