«መኖር» ለራቤል አይሆንም ያለው ማነው?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄን «ኢኪሩን ራቤል ወስደን በአደባባይ ብናሳየውስ?» አልኩት። ሳቀብኝ። «የግሼ ገበሬ ስለ ሕይወት ትርጉም ምን አገባው? ሕንድ ፊልም ውሰድለት፤ አለዚያም የማዳበሪያ አጠቃቀም አሳየው» አለኝ። ወዳጄ በየባህል ማዕከሉ የሚታይ ፊልም የማያመልጠው፣ የተማረ ሰው ነው። ሙግቴም ከእሱና ከመሰሎቹ ጋር ነው።

ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ «ኢኪሩ»ን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ቃሉ «መኖር» ማለት ነው። ዋታናቤ የሚባል የማዘጋጃ ቤት ክፍል ኃላፊ፣ 30 ዓመት ማኅተም ሲመታ ኖሮ፣ በጨጓራ ካንሰር ሊሞት መሆኑን ያውቃል። የሰፈር ሴቶች ደግሞ ፍሳሽ የተኛበት ቦታ ተደፍኖ የልጆች መጫወቻ ይሁንልን ብለው ይመጣሉ። ከመናፈሻ ክፍል ወደ ጤና፣ ከጤና ወደ ንጽሕና፣ እያለ እስከ እሳት አደጋ ድረስ ይመሯቸዋል። ዞረው ዞረው መጀመሪያ የቆሙበት መስኮት ላይ ይመለሳሉ። ወዳጄ ይህን ሲያይ የቅንብሩን ጥበብ ያደንቃል። ባናውን ደርቦ፣ ማመልከቻውን በብብቱ ይዞ፣ ግማሽ ቀን በእግሩ ተጉዞ «ነገ ና» የተባለው ሰው ግን ይስቃል፤ ከዚያም ሳቁን ያቆማል። ፊልሙን ይበልጥ ያየው ማን ይሆን?

ደግሞ የልቅሶው ነገር አለ። ፊልሙ ሊያልቅ ሲሶ ያህል ሲቀረው ዋታናቤ ይሞታል። የቀረው የለቅሶ ቤት ወሬ ነው። ባልደረቦቹ እየጠጡ መጫወቻውን የሠራው ማን እንደሆነ ይከራከራሉ። ምክትል ከንቲባው ምስጋናውን ለራሱ ወስዷል። መጠጡ እየገባ ሲሄድ እውነቱ ይወጣል፤ እያለቀሱ «ከእንግዲህ እንደ እሱ እንሠራለን» ብለው ይምላሉ። በማግስቱ ቢሮው እንደ ዱሮው ነው። ተዝካር በልቶ ለሚያውቅ፣ ጠላው ሲገባ የሟች ታሪክ እንዴት እንደሚለዋወጥ ለሰማ የመንዝ ሰው፣ ይህን ማን ሊያስተምረው ነው?

ቋንቋውስ? ይሉኛል። ድምፅ አልባ ፊልም በነበረበት ዘመን ጃፓኖች ቤንሺ የሚባል ተራኪ ከመጋረጃው አጠገብ ያቆሙ ነበር፤ የኩሮሳዋ ታላቅ ወንድም ሄይጎ ሥራው ይኸው ነበር። እኛስ አንድ ተራኪ ማቆም ያቅተናል?

«በዚህ ተኩስ መካከል?» የሚልም አይጠፋም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የአማራ ክልል የደረሰበትን አልዘነጋሁም። ነገር ግን «ኢኪሩ» የወጣው ጃፓን በተሸነፈች በሰባተኛው ዓመት፣ የአሜሪካ ወረራ ባበቃበት ዓመት ነበር። የቶኪዮ ሰው ያን ጊዜ ሌላ ችግር አልነበረበትም?

የእኔ ስጋት ከወዲያ ነው። ባነር ይሰቀላል፤ የፊት ወንበር ለኃላፊዎች ይያዛል፤ ፊልሙ ሳይጀመር ስለ መልካም አስተዳደር የአንድ ሰዓት ንግግር ይደረጋል፤ ሲያልቅ ደግሞ «ከፊልሙ ምን ተማራችሁ?» ይባላል። በፊልሙ ውስጥ ምክትል ከንቲባው መጫወቻውን ሲመርቅ የዋታናቤን ስም እንኳ አላነሣም ነበር። ስለዚህ ነጭ አንሶላና ጄኔሬተር ይበቃል። ተራኪው ከዚያው ከራቤል ይመረጥ፤ ከአልቃሾች መካከል አንዷ ብትሆን እወዳለሁ። ኃላፊዎቹም ይምጡ፤ ከባለጉዳዩ ጋር መሬት ላይ ይቀመጡ።