ከመደርደሪያው የወረዱ ስልኮች

መርካቶ ውስጥ ሒሳብ ተከፈለ የሚባለው ገንዘቡ ከገዢው ሲወጣ አይደለም፤ ለሻጩ መልእክት ሲገባለት ነው። ሸማ ተራ ላይ ጣቃ የተሸከመው ሰው ጎብጦ ይጠብቃል። ገዢው «ልኬያለሁ» ይላል፤ ባለሱቁ ስልኩን እያየ «አልገባም» ይላል። ተሸካሚው ሸክሙን አያወርድም፤ ካወረደው መልሶ ማንሳቱ ሌላ ጉልበት ነው። የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህችን ደቂቃ የማያውቅ የመርካቶ ነጋዴ ያለ አይመስለኝም። ሰው ሁሉ በኔትወርኩ ያማርራል፤ ነገር ግን የሶፍትዌር ፍተሻም እጁ አለበት። መልሱ ሲዘገይ አፑ ለገዢው ምን ይለዋል? ተጨንቆ ደግሞ ቢነካው ሁለት ጊዜ ይከፍላል?

ይህን አስቀድሞ ለማወቅ አፕ ሠሪዎች የስልክ መደርደሪያ ያበጁ ነበር። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ቴክኖ፣ ሜሞሪው የሞላ አይቴል፣ ባትሪው ያረጀ ሳምሰንግ ካገለገለ ዕቃ ነጋዴና ከስልክ ጠጋኝ እየተለቀመ ይደረደራል። ሁሉም በገመድ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ይያያዛሉ። ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው አፒየም የሚባል የፍተሻ ሶፍትዌር ሌሊቱን ሙሉ «ክፈት፣ ቁጥር ጻፍ፣ ላክ፣ ውጣ» እያለ ያዛቸዋል፤ ጠዋት የትኛው ስልክ የቱ ላይ እንደወደቀ ይታያል። መሣሪያው በነጻ የሚገኝ ነው፤ ወጪው አሮጌ ስልክና ትዕግሥት ነው።

ይህ መደርደሪያ እየጠፋ ነው። ቦታውን የወሰደው ክላውድ ነው፤ ማለትም ሌላ አገር በሺዎች የተደረደሩ ስልኮችን በኢንተርኔት መከራየት። ጄሰን ሃጊንስ የድረ ገጽ መፈተሻውን ሴሌኒየምን እ.ኤ.አ. በ2004 በቺካጎ ሲጀምር በራስ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ መሣሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ፍተሻን በክላውድ የሚያከራየውን ሶስ ላብስን ከመሠረቱት አንዱም ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ሌላው አከራይ ብራውዘርስታክ ከሕንድ ተነሣ። የአሮጌው መንገድ ቀያሽ ራሱ ወደ አዲሱ መሻገሩ ክላውዱ ተራ ፋሽን እንዳልሆነ ያሳያል። አንድ ኮምፒውተር ሌሊቱን ሙሉ የሚጨርሰውን ፍተሻ መቶ የኪራይ ስልኮች ተካፍለው በደቂቃዎች ይጨርሱታል። ለድረ ገጽ ሥራ መደርደሪያው መሸነፉ ተገቢ ነው፤ አልከራከርም።

ነገር ግን መርካቶ የሚከፍለው በድረ ገጽ ብቻ አይደለም። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘው ሰው ለቴሌብር *127# ይደውላል፤ ይህ አጭር ቁጥር ደግሞ የኢትዮ ቴሌኮምን ሲም ካልያዘ ስልክ አይሠራም። ባሕር ማዶ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ስልክ ንጹሕ ነው፤ ቻርጁ ሙሉ ነው፤ ኔትወርኩ አይቆራረጥም። እዚያ ላይ «አልፏል» የተባለ አፕ ያለፈው የማንንም ደንበኛ ስልክ በማይመስል ስልክ ላይ ነው። ውጤቱ ሐሰት አይደለም፤ የተፈተሸው ግን ሌላ ነገር ነው።

ኪራዩ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የአንድ ትንሽ ቡድን የወር ክፍያ ኮዱ ላይ አንድ መስመር ሳይነካ በብር ሲቆጠር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ማለት ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ኢንተርኔት ከሦስት ሳምንት በላይ በተዘጋ ጊዜም ክላውድ ላይ የሚፈትሽ ሰው ከመፈተሻው ጋር ተለያይቶ ተቀምጧል። ዩኤስቢ ገመድ ግን አልተዘጋም።

እንግዲህ መደርደሪያው ለምን ወደቀ? እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ምክንያት ሥራው የማንም አለመሆኑ ነው። ስልኮቹን ቻርጅ የሚያደርግ፣ ያበጠ ባትሪ የሚለውጥ፣ ሲሙ ውስጥ ካርድ የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህ ሰው ምንም አዲስ ነገር አይሠራም፤ አለቃ ፊት የሚያቀርበው የለውም። ስለዚህ ሥራ ሲቀይር የሚተካው ሰው አይቀጠርም። ስልኮቹ አንድ በአንድ ይሞታሉ፤ አንድ ቀን ጠረጴዛው ለሌላ ሰው ይፈለጋል። የውጭ ደንበኛ ሥራ የለመደው ወጣትም የደንበኛውን መሣሪያ እንዳለ ያመጣል፤ የደንበኛው ተጠቃሚ ግን መርካቶ አይገበያይም።

መርካቶ ራሱ የቆመው በሌላ ገበያ መዳከም ነው። ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ምዕራብ ሲያዛውሩት የአራዳ ነጋዴ ሙያ ጎድሎት አልነበረም፤ ገበያው የት ይሁን ብሎ የሚወስነው ሌላ ስለሆነ ነው። የመደርደሪያው ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ ማንም አላፈረሰውም፣ ማንም አልከለከለውም፤ ውሳኔው ዛሬም በእጃችን ነው።

የሚያስፈልገው ሃምሳ ስልክ አይደለም። የድረ ገጹ ፍተሻ ክላውድ ላይ ይቆይ። የአገሩ ሲም የገባባቸው አምስት ያገለገሉ ስልኮች፣ ከእነሱም ሁለቱ ባለ ቁልፍ፣ በአንድ ሰው ስምና ደመወዝ ይያዙ። ያ ሰው አዲስ ነገር በተጨመረ ቁጥር ስልኮቹን በቦርሳ፣ ላፕቶፑን በትከሻው ይዞ ቅዳሜ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ሸማ ተራ አንድ ሱቅ ደጃፍ ይቁም፤ ፍተሻውን እዚያው፣ ገበያው በሞቀበት ሰዓት ያስኪደው።