«ሰፈር ምረጡ» የምትሉት ማንን ነው?

ሰሞኑን አንድ ምክር ከቻናል ቻናል ሲዘዋወር አየሁ። «ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ሰፈሩን በደንብ ምረጡ፤ ጸጥታውን፣ መንገዱን፣ ጎረቤቱን አጥኑ፤ አቅማችሁ ካልፈቀደ ራቅ ብላችሁ ተከራዩ» ይላል። ጸሐፊው አዲስ አበባ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ቤት የተከራየው መቼ እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኛል።

በዚህ ከተማ ተከራይ ሰፈር አይመርጥም። ደላላው ይደውላል፣ «አሁን ካልመጣህ ይያዛል» ይላል፣ ከሥራ አስፈቅደህ ትሮጣለህ። በሩ ላይ ስትደርስ መራጩ ማን እንደሆነ ይገባሃል። ስንት ናችሁ? ልጅ አለ? የት ነው የምትሠራው? አገርህ የት ነው? ምጣድ አይቻልም። እንግዳ አያድርም። ልብስ የሚታጠበው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ማታ ሦስት ሰዓት በር ይዘጋል። በተለይ «አገርህ የት ነው» ለሚለው የሰጠኸው መልስ ካልተወደደ፣ ቤቱ ድንገት «ለካ ትናንት ተይዟል» ይሆናል። ይህን ሁሉ አልፎ የገባ ሰው ሰፈር መረጠ ይባላል?

«ራቅ በሉ» የሚለው ደግሞ ይብሳል። እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። ባልና ሚስት ናቸው እንበል፣ ሁለቱም ሜክሲኮ አካባቢ ይሠራሉ። በእግር ከሚደርሱበት ቤት ይልቅ ኮዬ ፈጬ ያገኙት በወር 4,000 ብር ይቀንሳል። ተደሰቱ፣ ዕቃ ጫኑ። መሄጃ ሁለት ታክሲ፣ መመለሻ ሁለት ታክሲ፤ አንዱን በ25 ብር ብናስበው ለአንድ ሰው በቀን 100 ብር፣ በ26 የሥራ ቀን 2,600 ብር፣ ለሁለቱ 5,200 ብር። 4,000 ለማትረፍ 5,200 ከፈሉ። በሰልፍና በመንገድ በቀን ሦስት ሰዓት ከሄደባቸው ደግሞ እያንዳንዳቸው በወር 78 ሰዓት አጡ፤ አሥር የሥራ ቀን ሊሞላ ትንሽ የቀረው ማለት ነው። ቤት ሲደርሱ ውሃው በፈረቃ ነው፣ በመጣም ቀን አራተኛ ፎቅ አይወጣም። ሊፍት የለም። ስለዚህ ሚስትየው ጀሪካን ተሸክማ ደረጃ ትወጣለች። (ባልየው ለምን አይወጣም የሚለው ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ ለዛሬ እንተወው።)

እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሥራ ወይም ከልጅ ትምህርት ቤት በእግር የሚደረስ አንድ ክፍል ጭቃ ቤት፣ ከተማው ጫፍ ካለ ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ይሻላል። ይህን በአደባባይ ስናገር ይሳቅብኛል። ብዙዎቻችን ቤት የምንከራየው ለራሳችን ሳይሆን ሊጠይቀን ለሚመጣው ዘመድ ነውና! ቦሌ አራብሳ ተከራይቶ «ቦሌ ነው የምኖረው» የሚል ሰው አላጋጠማችሁም?

እሺ፣ ተሳክቶልን በጥናት መረጥን እንበል። ምን ላይ ተመሥርተን? በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ባለው መስመር ዳር «ባቡር ደጄ ነው» ብሎ ቤት የያዘ ሰው ነበር። ከዓመታት በኋላ ብዙዎቹ ባቡሮች መለዋወጫ አጥተው ቆሙ፤ ያ ሰው ሃዲዱን እያየ ታክሲ ጠበቀ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርሱ ጓሮ ላይ አንድ ክፍል ተከራይተው የኖሩም ሰፈራቸውን መርጠው ነበር። ካሳና ምትክ ሲታሰብ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ባለይዞታውና የቀበሌ ቤት ነዋሪው ነው። ከግለሰብ የተከራየው ሰው ዕቃውን አይሱዙ ላይ ጭኖ እንደገና ደላላ ይፈልጋል።

«ሕግ ወጥቶላችኋል እኮ» ትሉኝ ይሆናል። ወጥቷል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል ከሚያሳውቀው መጠን እንዳያልፍ ይላል። ጥሩ አዋጅ ነው፤ ሲወጣም ደግፌዋለሁ። ግን ደላላው አሁንም ስልክ ላይ «የስድስት ወር ቅድሚያ» ይላል። ከዚያ ሁለት ውል ይመጣል፤ አንዱ ለወረዳ የሚቀርብ በትንሽ ብር የተጻፈ፣ ሌላው በቃል የሚቀር እውነተኛው። ተከራዩም ይፈርማል። እኔም ፈርሜ አውቃለሁ። በዓመቱ አከራዩ ኪራዩን በግማሽ ሲጨምር አቤት የምለው በየትኛው ወረቀት ነው? በእጄ ያለው ሰነድ ሐሰት ነው፣ ሐሰቱን ደግሞ አብሬ ፈርሜዋለሁ።

አከራዩም ኑሮ ተወዶበታል፣ አልክድም። አንዲት ሰርቪስ ቤት አከራይታ ልጆች የምታሳድግ እናት አለች፣ ክርክሬም ከእሷ ጋር አይደለም። የእኔ ጥያቄ ለወረዳው ነው። በሰፈሩ ውስጥ አንድ ክፍል ስንት እንደሚከራይ የሰፈሩ ሊስትሮ ሳይቀር ያውቃል። ገበያው በሚያስቅበት ዋጋ የተጻፈ ውል ሲቀርብለት ማኅተም የሚያደርገው መዝጋቢ ብቻ እንዴት ሳያውቅ ቀረ?

ምክር መጻፍ ካማራችሁ ግን ይህን ጻፉልን፦ ውሉ ላይ የሚሰፍረው የምትከፍሉት ትክክለኛ ብር ይሁን፣ ክፍያው በባንክ ይግባ፣ ደረሰኙን አትጣሉ። ቤቱን ደግሞ ደላላው በመረጠላችሁ እሁድ ከሰዓት በኋላ አይታችሁ ቀብድ እንዳትሰጡ። ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሂዱና መጀመሪያ የታክሲ ሰልፉ ጫፍ ላይ ቁሙ፤ ከዚያ ግቢ ገብታችሁ ቧንቧውን ክፈቱት።