ከእቶኑ በፊት በረቱ

የመንጋጋ አጥንቱ ለሳሳበት ታካሚ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚተክል ሐኪም ከትንሽ ብልቃጥ ነጭ ፍርፋሪ አውጥቶ ጉድለቱን ይሞላል። ፍርፋሪው ብዙውን ጊዜ የከብት አጥንት ነው፤ ስቡና ፕሮቲኑ ተወግዶ ማዕድኑ ብቻ የቀረ። በዘርፉ ስሙ የገነነው ባዮ-ኦስ የስዊዘርላንዱ ጋይስትሊህ ኩባንያ ምርት ነው። የአጥንት ቀዶ ሐኪሞችም ለአከርካሪና ለስብራት ሕክምና ተመሳሳይ ማዕድን ይጠቀማሉ።

ይህን ማዕድን የማሻሻሉ ሥራ ዛሬ በአብዛኛው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው የሚካሄደው። አንዱ ተመራማሪ ማግኒዥየም ይጨምርበታል፤ ሌላው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያስጠጣዋል። ጥረቱ የሚደገፍ ነው። ይሁን እንጂ የምርቱን ጥራት ከሁሉ ቀድሞ የሚወስነው አጥንቱ የወጣበት ከብት ሆኖ ሳለ፣ ክርክሩ ሁሉ እቶኑና ኬሚካሉ ላይ መቅረቱ ስህተት ነው።

ለአጥንት ጉድለት ተመራጩ መሙያ የታካሚው የራሱ አጥንት መሆኑ አያከራክርም። ችግሩ አጥንቱን ከዳሌ ቆርጦ ለማውጣት ሁለተኛ ቁስል መክፈት ማስፈለጉ ነው። ሕመሙ አንዳንዴ ከዋናው ቀዶ ሕክምና ይብሳል፤ የሚገኘውም መጠን ውስን ነው። የእንስሳ ማዕድን የሚፈለገው ለዚህ ነው። ከአጥንት ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ማዕድን ሲሆን፣ የከብቱም የሰውም በመሠረቱ ሀይድሮክሲአፓታይት የሚባል የካልሲየምና የፎስፌት ውሁድ ነው። ተፈጥሮ የሠራችው ቀዳዳ ደግሞ የደም ሥርና አዲስ የአጥንት ሴል ሰርጎ እንዲገባ መንገድ ይሰጣል። ዴላ ሮይና ሳሪ ሊነሃን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ቀዳዳ ፍለጋ እስከ ባሕር ወርደዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የባሕር ኮራልን በሙቅ ውሃና በግፊት ወደ ሀይድሮክሲአፓታይት መቀየር እንደሚቻል አሳይተዋል።

ፈተናው ማዕድኑን ሳይጎዱ የእንስሳውን ፕሮቲን ማስወገድ ነው። በ1950ዎቹ በጀርመን የተሠራው «የኪል አጥንት» ፕሮቲኑ በከፊል ብቻ የወጣለት የጥጃ አጥንት ስለነበር፣ ውጤቱ የተጠበቀውን ያህል ሳይሆን ቀርቶ ከገበያ ወጣ። ከዚያ በኋላ የመጡት አምራቾች ሁለት መንገድ ያዙ። አንደኛው እንደ ባዮ-ኦስ በ300 ዲግሪ አካባቢ ሙቀትና በኬሚካል ማጽዳት ነው። ደቃቁ ክሪስታልና በተፈጥሮ አጥንት ውስጥ ያለው ካርቦኔት በአብዛኛው ይተርፋሉ። ሁለተኛው የጀርመኑ ሴራቦን የተከተለው፣ ከ1200 ዲግሪ በላይ ማቃጠል ነው። ጭቃ ተተኩሶ ሸክላ ከሆነ በኋላ ውሃ እንደማያሟሟው ሁሉ፣ እንዲህ የተቃጠለ አጥንትም ካርቦኔቱን ያጣል፣ ክሪስታሉ ይገዝፋል፣ ሰውነትም በቀላሉ አይበላውም።

ይህ ለጥርስ ሐኪሙ ጥቅም ሊሆን ይችላል፤ የሞላው ቦታ ቅርጹን ይዞ እንዲቆይለት ይፈልጋልና። የባዮ-ኦስ ፍርፋሪ ራሱ ከዓመታት በኋላ በተወሰደ ናሙና ውስጥ ሲገኝ ታይቷል። ባዕዱ ማዕድን ቀስ በቀስ ተበልቶ በታካሚው አጥንት እንዲተካ የሚሻ ሐኪም ግን ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል።

እንግዲያው ለምን ያቃጥላሉ? አንዱ ትልቅ ምክንያት ፍርሃት ነው። የእብድ ላም በሽታ እ.ኤ.አ. በ1986 በብሪታንያ ታወቀ፤ በ1996 ደግሞ ወደ ሰው መተላለፉ ይፋ ሆነ። የበሽታው መንስኤ ፕሪዮን የተባለ የተጣመመ ፕሮቲን ሲሆን፣ ተራ ማምከኛ አይበግረውም። ፖል ብራውንና ባልደረቦቹ በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ስክሬፒ የተባለው ተመሳሳይ የበግ በሽታ የያዘው የአይጥ መሰል እንስሳ አንጎል በ600 ዲግሪ አመድ ከሆነ በኋላ እንኳ የመበከል አቅሙ ሙሉ በሙሉ እንዳልጠፋ አሳዩ። የእግር አጥንት እንደ አንጎል አይደለም፤ የበሽታው መንስኤ የሚከማቸው አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ነው። ሆኖም ጥናቱ በእሳት ብቻ መተማመን እንደማያዋጣ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው።

አስተማማኙ መንገድ በሽታው የሌለበትን መንጋ መምረጥ፣ የእግር አጥንቱን ብቻ መውሰድ፣ እያንዳንዱ ብልቃጥ ከየትኛው መንጋ እንደመጣ መመዝገብ ነው። የበረቱ ንጽሕና ከተረጋገጠ አምራቹ ሙቀቱን ሊቀንስ ይችላል፤ ሙቀቱ ሲቀንስ ደግሞ ማዕድኑ ከተፈጥሮ አጥንት ጋር ይቀራረባል።

የሚጨመረውም ነገር ልክ ሊኖረው ይገባል። በ2002 በአሜሪካ ለአከርካሪ የተፈቀደው ቢኤምፒ-2 የተባለ አጥንት አብቃይ ፕሮቲን አንገት ላይ ሲውል አደገኛ እብጠት በማስከተሉ፣ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት በ2008 ማስጠንቀቂያ አወጣ። አይ-ፋክተር የተባለው ምርት ግን የከብት ማዕድን ላይ ፒ-15 የምትባል አሥራ አምስት አሚኖ አሲዶች ያሏት አጭር ሰንሰለት ብቻ አጣብቆ፣ በአንገት አከርካሪ ሕክምና ከታካሚው ከራሱ አጥንት እንደማያንስ በማሳየቱ በ2015 ተፈቀደ።

ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት ባላት ኢትዮጵያ ቄራ የሚከመረውን አጥንት አይቶ ነገ ወደ ሕክምና ምርት እንቀይረው ማለት ያጓጓል። ነገር ግን ከቦረና ወይም ከጎጃም ተነድቶ በነጋዴ እጅ ተቀባብሎ የመጣ በሬ፣ የት እንደተወለደ፣ ምን እንደበላና በምን እንደታከመ የሚያስረዳ ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ የለውም። እቶን መግዛት ቀላሉ ሥራ ነው። መጀመር ያለበት ጆሯቸው ላይ ቁጥር ካላቸውና የእንስሳት ሐኪም መዝገብ ከያዘላቸው ጥቂት መንጋዎች ነው። ወጪው ለአጥንት ብቻ አይሆንም። በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሳዑዲ ዓረቢያና የመን ውስጥ ሲከሰት የአፍሪካ ቀንድ ከብት ላኪዎች ገበያቸው ተዘግቶባቸው ነበር፤ እንዲህ ያለው መዝገብ ለሥጋ ንግዱም ይጠቅማል።

ምርቱ ከውጭ እስከመጣ ድረስም ገዢው ሆስፒታል ዋጋ ብቻ ጠይቆ መተው የለበትም። የእንስሳውን ዓይነትና አገር፣ የተቃጠለበትን ሙቀት፣ የተጨመረበትን ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ። ባዮ-ኦስ ኮላጅን በተባለው ምርት ውስጥ ከከብቱ ማዕድን ጋር አሥር በመቶ የአሳማ ኮላጅን አለ። አሳማ ለማይበሉ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና አይሁድ ታካሚዎች ይህ ተራ ዝርዝር አይደለም። አንዳንዱ ለሕክምና ሲሆን ይቀበለዋል፣ ሌላው ሌላ ምርት ይመርጣል፤ የስምምነት ቅጹ ላይ ከመፈረማቸው በፊት ግን ሊነገራቸው ይገባል።