አስቀድሞ የሚያውቅ አምላክና የሚመርጥ ሰው

አንድ ክርስቲያን ሲታመም፣ ከሥራው ሲፈናቀል ወይም ልጁን ሲቀብር ወዳጆቹ ቶሎ የሚሉት «እግዚአብሔር ያውቃል» ነው። ይህ ቃል አንዱን ያጽናናል፣ ሌላውን ያስቆጣል። እግዚአብሔር ካወቀ ለምን አላስቀረውም? ወስኖትስ ከሆነ የእኔ ጸሎት፣ የሐኪሙ ድካም፣ የበዳዩ ጥፋት ምን ቦታ አለው? አማኞች በዚህ ጥያቄ ለብዙ መቶ ዓመታት ለሁለት ተከፍለው ተከራክረዋል፤ ሁለቱም ወገኖች ግን የሚጠቅሱት ያንኑ መጽሐፍ ቅዱስ ነው።

የመጀመሪያው ወገን የእግዚአብሔርን ዕውቀት ከዓላማው አይለይም። ታሪክ ወደ ወሰነለት ግብ የሚሄደው እርሱ ስለሚመራው ነው ይላል። አውግስጢኖስ በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከጲላግዮስ ጋር ሲሟገት፣ ጆን ካልቪንም በ16ኛው መቶ ዘመን ሲያስተምር የቆሙት በዚህ መሠረት ላይ ነው፤ ሰው የሚድነው በጸጋ ስለ ተመረጠ እንጂ ቀድሞ መልካም ሆኖ ስለ ተገኘ አይደለም። ማስረጃቸው የሚናቅ አይደለም። ኤርምያስ ገና በማኅፀን ሳይሠራ የታወቀ ነቢይ ነው። ጴጥሮስ በበዓለ ሃምሳ ሲሰብክ የክርስቶስን ስቅለት ከእግዚአብሔር ምክርና ቀዳሚ ዕውቀት ጋር አያይዞታል። ጳውሎስም በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 8 ከመታወቅ ተነሥቶ እስከ መክበር ያለውን ሁሉ የእግዚአብሔር ሥራ አድርጎ ይዘረዝራል። እንዲህ የሚያምን ሰው መከራው በከንቱ እንዳልሆነ ይቀበላል። መዳኑ በራሱ ብርታት ላይ ስላልቆመም አይታበይም፣ ሲደክምም ተስፋ አይቆርጥም።

ሁለተኛው ወገን ማወቅ ሌላ፣ ማድረግ ሌላ ነው ብሎ ይጀምራል። ዮሐንስ አፈወርቅን የመሰሉ የምሥራቅ አባቶች የሰውን ፈቃድ አጥብቀው አስተምረዋል። በእነርሱ መንገድ ይሁዳ ጌታውን አሳልፎ የሰጠው እግዚአብሔር ስላወቀ አይደለም፤ ይሁዳ የሚያደርገውን እግዚአብሔር አወቀው እንጂ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ሰው ነጻ ፈቃድ እንዳለው ታስተምራለች፤ መመለስ የማይችል ሰው ንስሐ ግባ አይባልምና። ሮማዊው ፈላስፋ ቦኤቲየስ በ524 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ የሞት ፍርድ ሲጠብቅ በእስር ቤት ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶ፣ እግዚአብሔር ከጊዜ ውጭ ስለሆነ ለእኛ ነገ የሆነው ለእርሱ እንደ ዛሬ ይታየዋል፤ ማየቱም ድርጊቱን ግዴታ አያደርገውም ብሎ መለሰ። ከመጽሐፍ ቅዱስ የቅዒላ ከተማ ታሪክም ለዚህ ወገን ይረዳል። ዳዊት የከተማዋ ሰዎች ለሳኦል አሳልፈው ይሰጡት እንደሆነ ጠየቀ፤ ይሰጡሃል ተባለ፤ ስድስት መቶ ያህል ሰዎቹን ይዞ ወጣ፤ የተነገረውም ሳይሆን ቀረ። የእግዚአብሔር ዕውቀት ለዳዊት ማምለጫ መንገድ ሆነለት።

ሁለቱም ግን የሚከብዳቸው ጥያቄ አለ። ሁሉ የተወሰነ ከሆነ ኃጢአተኛው በምን ይጠየቃል? ሁሉ የታወቀ ብቻ ከሆነስ በእርግጥ የታወቀ ነገር እንዴት ሌላ ሊሆን ይችላል? ክፋቱን እያየ ያላስቆመውስ ለምንድን ነው? ነጻ ፈቃድ የሚለው መልስ በፍርድ ጥያቄ ላይ ይበረታል፣ በለቅሶ ቤት ግን ይሳሳል። የመወሰን ትምህርት ደግሞ በለቅሶ ቤት ጉልበት አለው፤ ካልተጠነቀቁበት ግን «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ወደሚል እጅ መስጠት ይወርዳል። ካልቪንን ግን በዚህ መክሰስ አይገባም፤ የሕይወታችንን ልክ የወሰነ አምላክ ሕይወታችንን የመጠበቅ ኃላፊነትም ሰጥቶናል ብሎ አስተምሯልና።

ክርክሩ ሰዎችን ምን እንዳደረጋቸውም መታየት አለበት። በኔዘርላንድ ወደ ነጻ ፈቃድ ወገን ያዘነበሉት የአርሚንዮስ ተከታዮች በ1610 አምስት ነጥብ ያለው ተቃውሞ አቀረቡ፤ ከ1618 እስከ 1619 የተቀመጠው የዶርት ጉባኤ ትምህርታቸውን አወገዘ። ጉዳዩ ከፖለቲካ ጋር ተጣምሮ ስለነበር ደጋፊያቸው የነበረው አዛውንቱ ባለሥልጣን ኦልደንባርኔቬልት በግንቦት 1619 አንገቱ ተቀላ። በእንግሊዝ ደግሞ ሰባኪዎቹ ጆን ዌስሊና ጆርጅ ዋይትፊልድ በዚሁ ነገር በአደባባይ ተለያይተው ነበር፤ ሆኖም ዋይትፊልድ በ1770 ሲሞት የመታሰቢያውን ስብከት ያደረገው ዌስሊ ነው። ልዩነታቸው አልተፈታም፣ ወዳጅነታቸው ግን ተርፏል።

በእኔ ግምት ለምእመኑ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ነው። ማዕበል ባናወጣት መርከብ ላይ ጳውሎስ ከተሳፋሪዎቹ አንድም ነፍስ እንደማይጠፋ ከእግዚአብሔር መልአክ ሰማ። ጥቂት ቆይቶ ግን መርከበኞቹ በታንኳ ሊያመልጡ ሲሞክሩ፣ እነዚህ ካልቀሩ ልትድኑ አትችሉም ብሎ መቶ አለቃውን አስጠነቀቀ። ወታደሮቹ የታንኳዋን ገመድ ቆረጡ፣ ሰዎቹ እንጀራ በሉ፣ ስንዴው ወደ ባሕር ተጣለ፤ 276ቱም ማልታ ደረሱ። የመወሰን ወገን ሥራውም አብሮ ተወስኗል ይላል፤ የነጻ ፈቃድ ወገን ማስጠንቀቂያው እውነተኛ ነበር ይላል። ጳውሎስ ግን ተስፋውን አምኖ ሥራውን አልተወም።

የዮሴፍም ታሪክ ሌላ ወሰን ያስተምራል። እግዚአብሔር ለመልካም አሰበው የሚለውን ቃል የተናገረው ራሱ ተበዳዩ ነው፤ የተናገረውም ከጉድጓዱ፣ ከባርነቱና ከእስር ቤቱ በኋላ ነው። ወንድሞቹ ክፉ ማሰባቸውንም በዚያው ንግግሩ አልሸፈነላቸውም። ስለዚህ በእግዚአብሔር ቀዳሚ ዕውቀትና ዓላማ መታመን ለራሳችን መከራ ዕረፍት ይሁን እንጂ ለሌላው ሰው በደል ማድበስበሻ ወይም ለስንፍናችን ሰበብ አይሁን። ወገንተኝነታችሁ የትኛውም ቢሆን ለቅሶ ቤት ስትሄዱ ምክንያት ለማስረዳት አትቸኩሉ፤ የታመመውን ሐኪም ቤት አድርሱ፣ የተበደለውን ፍትሕ እንዲያገኝ አግዙ፣ ከዚያም አብራችሁ ጸልዩ።